የዳሩኝ ቃዲ

«ያንቺ ሸህ ሞተ እኮ!» አለችኝ ጎረቤቴ አልማዝ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ።

እንሰት እየፋቅሁ ነበር። ቀና አላልኩም። «እኔ ሸህ የለኝም» አልኳት።

«ቃዲውን ነው የምልሽ! ሸህ ሱሩር። ንጋት ላይ ዐረፈ አሉ። ሰው ሁሉ ወደዚያ እየጎረፈ ነው። ነጠላሽን ጣል አድርጊና አብረን እንሂድ።»

«አንቺ ሂጂ።»

«ኧረ ተይ! አንቺ እንደ ልጁ አይደለሽ?»

ጥቂት ቆማ ጠበቀችኝና ብቻዋን ሄደች።

አልሄድኩም። በማግስቱም ከዚያ ወዲያም አልሄድኩም። ያን ሰሞን የሶዶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ተቀመጠ። የጸሎት ቤት ሰዎች ሄዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሄዱ፣ የመንግሥት ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ሄዱ። የእኔ መቅረት እንዲታይ ፈልጌ ነበር። ታየም።

አሁን እሳቸውን በዓይኑ ያየ ሰው እያለቀ ነው። የቀረውም ስለ ደግነታቸው ብቻ ያወራል። ከሚያወሩት ብዙዎቹ በዚያ በረንዳ ላይ ቆመው አያውቁም። እኔ ቆሜበታለሁ። ተድሬበታለሁ፣ ተፈትቼበታለሁ፣ ከዚያም የባሰ ሆኖብኛል። ስለዚህ እኔም የማውቀውን ልናገር።

ሸህ ሱሩር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታቸው ከገበያው በላይ፣ የዳሞታ ተራራ ጉም ጠዋት ጠዋት ወርዶ የሚተኛበት ቁልቁለት ላይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። አንድ ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ዕድሜ ልካቸውን በስፌት መኪና ላይ ስለጎበጡ ይመስለኛል። መንግሥት ቃዲ አድርጎ ከሾማቸው በኋላም መኪናውን አልተዉትም። የሙስሊሙን ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ የሚያዩት እዚያው በረንዳ ላይ፣ ፔዳሉን እየረገጡ ነው። ባለጉዳዩ ሰሌን ላይ ይቀመጣል፣ እሳቸው ይሰፋሉ።

ያ በረንዳ አንድ ልማድ ነበረው፤ ሶዶ ሁሉ ያውቀዋል። ወንድ ሲናገር ስፌቱን አያቆሙም። መኪናው ትር ትር እያለ ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ሴት ስትናገር ግን እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቀጥ ይላል፣ እጃቸው ጨርቁ ላይ ያርፋል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ይሰማሉ። አንድ ቆዳ ነጋዴ በዚህ ተናዶ «ያ ሸህ፣ የእኛ ነገር ዋጋ የለውም ወይ?» ቢላቸው፣ «የወንዱን ነገር አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ነው» አሉት። ሴቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ስቄአለሁ።

በቁጣ ሚስቱን ፈትቶ በማግስቱ እያለቀሰ የሚመጣ ወንድ አይጠፋም ነበር። «አፍ መቀስ ነው» ይሉታል። «ጨርቅ ሳይቆረጥ የሚያለቅስ አላየሁም፤ ሁላችሁም ከተቆረጠ በኋላ ነው።»

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቦዲቲ አጠገብ ነው። አባቴ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። ሶዶ የመጣሁት ቅቤ ከምትነግድ አክስቴ ጋር ልኖር ነው፤ እዚያም ከስልጤ አገር የመጣ የአቡጄዲ ነጋዴ ዓይኑን ጣለብኝ። ስሙን አልጽፍም። ብጽፈው ይኮራል። ባልየው ብለው ይበቃል።

ላግባሽ አለኝ፣ እሺ አልኩ። አባቴ ሰምቶ «ልጄ ሞታለች» ብሎ ላከብኝ። የእስልምናውን ቃል፣ ሸሃዳውን፣ በሸህ ሱሩር ፊት በገዛ ፈቃዴ አልኩ። ከድጃ የሚለውን ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። የድሮ ስሜን ለራሴ አስቀምጫለሁ።

የኒካሁ ቀን በረንዳው ላይ ሰው ሞልቷል። በእነሱ ሕግ ሴት ራሷን አትድርም። አባት ይድራታል፣ አባት ከሌለ ወንድም ወይም አጎት፤ ወሊይ ይሉታል። ሸህ ሱሩር ቀና ብለው «ይህችን ልጅ ማን ይሰጣል?» አሉ። ማንም የለም። እኔ አንድም የሥጋ ዘመድ የሆነ ሙስሊም የለኝም። የባልየው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጎልማሳ «የወደቀ ዕቃ ባለቤት የለውም» ብሎ ሲያሾፍ ሰማሁት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሸህ ሱሩር መቀሳቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው መጡና ከጎኔ፣ በእኔ በኩል፣ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አሉ።

«ወሊይ የሌላትን የሚድር ቃዲ ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ አባቷ እኔ ነኝ። የልጄን መህር እንነጋገር።»

ባልየው ለመህር፣ ለሙሽራዋ ስጦታ፣ ያዘጋጀውን ጥቂት ነገር ጠራ። ሸህ ሱሩር ወደ እኔ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ምን እንደምል አላውቅም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንሰት ጠይቂው» አሉኝ። «ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጓሮ ከነእንሰቱ። እንሰት የሴት ሀብት ነው፣ ወንድ ዞር ብሎ አያየውም። የራበሽ ቀን ግን እሱ ይቆምልሻል።»

ጠየቅሁ። ባልየው ሳቀና «ቅጠሉን ነው? ይሁንላት!» አለ። ሸህ ሱሩር ሳይስቁ ምስክር አስቆጠሩና ዳሩኝ።

የአባትነታቸውንም ሥራ አልተዉም። በዒድ ቀን ሚስታቸው እማማ ዘይነባ በኮባ የተጠቀለለ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ፤ «የልጅ ድርሻ ነው» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው በደጃችን ሲያልፉ አጥሩ ጋ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ስወጣ ባልየው እየሰማ «ልጄ፣ ይመታሻል?» ይሉኛል። ባልየው «ኧረ ያ ሸህ!» ይላል። «አንተን አልጠየቅሁም» ይሉታል። እውነት ለመናገር፣ እሳቸው ማለፋቸውን ስላላቋረጡ ባልየው እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ልጃችን ነፊሳ አራት ዓመት ሲሞላት ባልየው አረካ የሚነግድ ያገሩን ሰው ልጅ ተመኘ። በእነሱ ሕግ ሁለት ማግባት ይችላል፤ የልጅቷ ወገኖች ግን «የወላይታዋን ካልፈታህ አንሰጥህም» አሉት። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ እጁን እየታጠበ «ፈትቼሻለሁ» አለኝ። ጠብ አልነበረንም። ዳጣውን እንኳ አሞግሶ ነበር የበላው።

በረንዳው ላይ ቀረብን። ባልየው ሲናገር መኪናው ትር ትር አለ። እኔ ስናገር ቆመ።

«ፍቺው የእሱ መብት ነው፤ አልከለክለውም» አሉ ሸህ ሱሩር። «የእሷን መብት ደግሞ ስሙ። ዒዳዋ እስኪያልቅ፣ ሦስት የወር አበባ እስኪመጣ፣ ከቤቱ ማንም አያስወጣት።»

«እኔስ የት ልደር?» አለ ባልየው።

«ሱቅ አለህ አይደል? አቡጄዲህን ለብሰህ ተኛ።»

ሰው ሳቀ። ቀጠሉ፦ እንሰቱ የእሷ ነው። እንሰቱ የቆመበት መሬት የእሷ ነው። ጓሮው ዳር ያለው ጎጆም አብሮ ይሂድ። ልጅቱ በእናቷ እጅ ትኑር፣ አባት ቀለብ ይቁረጥ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ «ልጄ፣ አሁን አልቅሺ፤ የሚወሰድብሽ ነገር የለም» አሉኝ።

አመንኳቸው። በደሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያላመኑት ሰው አያስቀይምም።

ጎጆዬን አጠርኩ፣ እንሰቴን ኮተኮትኩ፣ ቆጮና ቡላ እየሸጥኩ ከነፊሳ ጋር ኖርኩ። ነፊሳ እንሰት ስፍቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቃጫውን ትለቅማለች፤ ስትለቅም ታንጎራጉራለች። የሰማችውን ዜማ ሁሉ የምትይዝ ልጅ ነበረች። የመስጊዱን አዛን ትይዛለች፣ የጨው ሻጩን ጥሪ ትይዛለች።

ከዓመት በኋላ በገበያ ቀን ከቦዲቲ ሰው መጣና አባቴ መሞቱን ነገረኝ።

አባቴ «ሞታለች» ካለኝ ወዲህ ፊቱን አላየሁም። ግን በእኛ አገር የአባቷን ለቅሶ ያልደረሰች ልጅ እሷው እንደሞተች ትቆጠራለች። ነፊሳን አዝዬ በጭነት መኪና ሄድኩ። ወንድሞቼ ሲያዩኝ ምንም አላሉም፤ ለቦታዬ ዘወር አሉልኝ። ለእኔ ይህ ብዙ ነበር። ለቅሶው ጸሎት ቤት ውስጥም ነበርና ገባሁ፣ ከእህቶቼ ጋር ተቀመጥኩ። እዚያ ውስጥ በልቤ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንዳላልኩ የማውቀው እኔና ፈጣሪዬ ነን። እዚህም አልጽፈውም።

ሰው ሲዘምር ነፊሳ ጭኔ ላይ ነበረች።

ሶዶ በተመለስን ሰሞን ጨው ልትገዛ ላክኋት። በአባቷ ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ የጸሎት ቤቱን መዝሙር በወላይትኛ እየዘመረች አለፈች። ቃሉን ሁሉ አንድም ሳታስቀር። ባልየው ከደንበኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ነበር።

በሳምንቱ ከሰሰኝ። «ከድጃ ወደ ድሮ ቤቷ ተመልሳለች፤ ልጄንም ከሃይማኖቷ አውጥታለች። ሙስሊም ያልሆነች እናት ሙስሊም ልጅ አታሳድግም፤ ሕጉ ይፈጸምልኝ» አለ። ሰዎቹን ይዞ መጥቷል። በኒካሁ ቀን ያሾፈብኝ ጎልማሳም አለበት። ነፊሳን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ የሻሼን ጫፍ እየጠቀለለች ትጫወታለች።

ባልየው ተናገረ። መኪናው ትር ትር አለ። ሁለት ሰዎች መሰከሩለት፦ እኔን ጸሎት ቤት ስገባ ያየ አንድ ነጂ፣ ልጅቱን ስትዘምር የሰማ አንድ ደንበኛ። መኪናው ትር ትር አለ።

ከዚያ ሸህ ሱሩር «ልጄ፣ አንቺስ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩና ጠበቅሁ። መኪናው አልቆመም።

«የአባቴ ለቅሶ ነው የሄድኩት» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«አላህ ያጥናሽ። ለቅሶሽን አልጠየቅሁሽም።» ጎንበስ እንዳሉ ነው። «እዚህ በረንዳ ላይ ያልሽውን ቃል አንድ ጊዜ በይውና ሰዉ ወደ ሥራው ይሂድ።»

«ብዬዋለሁ። እርስዎ ነበሩ የሰሙኝ።»

«እኔ ሰምቻለሁ። እነዚህ ይስሙ።»

«የተባለ ቃል እንደገና በይ የሚባለው ሲጠረጠር ነው። እርስዎ ይጠረጥሩኛል?»

መኪናው ትር ትር ትር።

«እኔ አልጠረጥርሽም። ቃዲው ግን መስማት አለበት።»

«አባቴ ማነው ታዲያ? ቃዲው ነው ወይስ እርስዎ?»

ሰዉ አጉረመረመ። ባልየው «ይኸው! እንቢ አለች!» አለ። ሸህ ሱሩር «ዝም በል አንተ!» ብለው ጮኹበት፤ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በለሆሳስ «ልጄ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አንድ ቃል ነው» አሉኝ። መኪናውን እየረገጡ።

«ለእነሱ አልልም» አልኩ።

ጠበቁኝ። ደግመው ጠየቁኝ። ያ ጎልማሳ እየሳቀብኝ ነበር፤ እሱ ፊት እንደ ሌባ ልማል? አልምልም።

«ልጅቱ ወደ አባቷ ትሂድ» አሉ ሸህ ሱሩር። «እናቷ ነገም መጥታ ቃሉን ብትል፣ ከዓመት በኋላም ብትል፣ ልጇ ትመለስላታለች። ይህ በረንዳ የትም አይሄድም።»

ባልየው ነፊሳን ከጭኔ ላይ አነሣት። ሻሼን አልለቀቀችም፤ ሻሹ አብሯት ሄደ። ራሴን ገልጬ በሶዶ ገበያ መሀል ወደ ቤቴ ወረድኩ። ከኋላዬ መኪናው አሁንም ይሰማ ነበር።

እስከ ዛሬ ሰዎች «አንድ ቃል ነበር እኮ፣ ምን ነበረበት?» ይሉኛል። አንድ ቃል ብቻ ከሆነ እሳቸው ለምን አልተዉትም? አባት ልጁን በጠላቶቿ ፊት አያስምልም። ቃዲ ከሆኑ ደግሞ ልጄ ባላሉኝ። ሁለቱንም ሆነው ከሁለቱም በኩል ቆረጡኝ።

በረንዳው ሄጄ ቃሉን አላልኩም። ነፊሳን አረካ ወስደው እንጀራ እናቷ አሳደገቻት። በገበያ ቀን አንዳንዴ ከሩቅ አያታለሁ። ስታድግ እሷም ከሩቅ ታየኝ ጀመር። ዜማ ስታንጎራጉር ግን ሰምቻት አላውቅም።

ሸህ ሱሩር በደጄ ማለፋቸውን አልተዉም። አጥሩ ጋ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አልወጣም። ጥቂት ቆመው ይሄዳሉ። በዒድ እማማ ዘይነባ የልጅ ድርሻ ብለው ሥጋውን ይዘው ይመጣሉ። ኮባውን ሳልፈታ እመልስላቸዋለሁ። ሳይቀየሙ ይቀበሉኛል፤ በሚቀጥለው ዒድ ደግሞ ይመጣሉ። እኔም እመልሳለሁ። እንዲህ ሆነን ነፊሳ አድጋ እስክትዳር ኖርን።

እሳቸው ሞተው ለቅሶው ሲነሣ እማማ ዘይነባ መጡ። ለኀዘንተኛ የሚሄደው ሌላው ሰው ነው፤ ኀዘንተኛዋ ራሳቸው ወደ እኔ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው እንሰቴ ሥር ቁጭ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው።

«ያጥናዎት» አልኳቸው። ይህን ያህል አልነፍግም።

«አሚን። ለቅሶ ስላልመጣሽ አይደለም የመጣሁት።» ውሃውን ጠጥተው ጣሳውን አስቀመጡ። «ያ ቀን ትዝ ይልሻል? ነፊሳ የተወሰደች ቀን?»

ጣሳውን አንሥቼ አለቀለቅሁ።

«ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ጨርቁን ላነሣ ወጣሁ። የሰው ቀሚስ ነበር። አገላብጬ ባየው አልተሰፋም። ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ተበሳስቷል እንጂ ስፌት የለውም። መርፌው ክር አልነበረውም፣ ልጄ። ቀኑን ሙሉ ያለ ክር ነው የዋለው። ‘ምን ሆነሃል ሰውዬ?’ ብለው፣ ‘ካቆምኩ ቀና ብዬ አያታለሁ፤ ካየኋት ፍርዱ ይጠፋብኛል’ አለኝ። ቀሚሱን ለባለቤቷ በራሱ ጨርቅ ተካላት።»

ነፋሱ ኮባውን ያንኳኳ ነበር። እማማ ዘይነባ ፊቴን ያያሉ፤ የሚጠብቁትን አውቃለሁ።

«ክር ቢኖረው ቢያንስ ቀሚሱ በተሰፋ ነበር» አልኳቸው።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡኝም። ለመነሣት ዘንጋቸውን ሲይዙ፦

«ነፊሳ እኔ ቤት ናት» አሉ። «ለቅሶ ብላ ከአረካ መጥታለች። ስትመጪ ለማየት በሩን በሩን ስታይ ነው የሰነበተችው። ነገ ጠዋት ባሏ በጭነት መኪና ይወስዳታል። አንቺ ትመጫለሽ ወይስ እሷን ልላካት?»

«የት እንዳለሁ ታውቃለች።»

«ታውቃለች። ትፈራሻለች።»

«ልጄ ተወሰደችብኝ እንጂ እኔ አልሰጠኋትም። ትምጣ አልልም፣ አትምጣ አልልም።»

«ልክ እንደ እሱ ነሽ» አሉኝ እማማ ዘይነባ። «እንደ አባትሽ።» የትኛውን አባቴን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት የአጥሩን በር ከፍቼ፣ ደጁን ጠርጌ፣ እንሰት ለመፋቅ ጣውላዬ ፊት ተቀመጥኩ። ጉሙ ከዳሞታ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። በዚያ ጉም ውስጥ ሰው ቢመጣ እስኪደርስ አይታይም። ከላይ በኩል፣ ከእማማ ዘይነባ ቤት አቅጣጫ፣ የጭነት መኪና ሲነሣ ሰማሁ። ቁልቁል መጣ። ደጄ አካባቢ ሲደርስ ዝግ አለ። አንዴ ጡሩምባ ነፋ፣ ቆየና ደግሞ ነፋ።

ቀና አላልኩም። መፋቂያዬን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አደርጋለሁ።

መኪናው እንደገና ማርሽ አስገብቶ ወደ አረካ መንገድ ወረደ፤ ድምፁ ጉሙ ውስጥ ቀጠነ፣ ጠፋ። እኔ መፋቄን ቀጠልኩ።

«አንቺ ከድጃ!» አለችኝ አልማዝ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። «ምን ሆነሻል? ምኑን ነው የምትፍቂው? ጣውላው ላይ እኮ ምንም የለም!»

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።